የአሮጌ ቬስፓ ሞተርን በአነስተኛ ወጪ ማደስና አቅሙን ማሳደግ፦ ዝርዝር መመሪያ

አሮጌ የቬስፓ ሞተር አድሰው በሁለተኛው ሳምንት እንደገና ለመፍታት የሚገደዱ ሰዎች ስህተታቸው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። አስቀድመው ትልቅ ሲሊንደር ይገዛሉ፤ ከዚያ ለኦይል ሲል (ዘይትና አየር ለሚያግደው የጎማ ቀለበት)፣ ለኩሽኔታ (ዘንግ ለሚሽከረከርበት የብረት ቀለበት) እና ለልኬት የሚተርፍ ገንዘብ ያጣሉ። ቱ ስትሮክ ሞተር፣ ማለትም እንደ ቬስፓ ቤንዚኑን ከዘይት ጋር ቀላቅሎ የሚያነድ ሞተር፣ አየርና ቤንዚኑን ወደ ሲሊንደሩ የሚልከው በካርተሩ፣ ማለትም ክራንክሻፍቱ (የፒስተኑን ጉዞ ወደ ዙር የሚለውጠው ዘንግ) በሚዞርበት ሆድ በኩል ስለሆነ፣ ይህ ሆድ በየትኛውም በኩል አየር የሚያስገባ ከሆነ ድብልቁ ይሳሳል፣ ፒስተኑ ይግላል፣ አዲሱ ሲሊንደርም ከአሮጌው ፈጥኖ ይበላሻል። ስለዚህ መለካት ይቀድማል፣ መግዛት ይከተላል፣ ቀጥሎ ማሸግ ነው፤ ኃይል መጨመር የሚመጣው ከሁሉም በኋላ ነው።

መመሪያው የተዘጋጀው ለቬስፓ ፒኤክስ 125 እና 150 ሞተሮች ነው። ሁለቱም የፒስተን ጉዟቸው 57 ሚ.ሜ ሲሆን የሚለያዩት በሲሊንደሩ ስፋት ነው፤ የ125ቱ 52.5 ሚ.ሜ፣ የ150ው 57.8 ሚ.ሜ ነው። ሌላ ሞዴል ያለው ሰው ቅደም ተከተሉን ሊከተል ይችላል፤ የማጥበቂያና የክፍተት ቁጥሮችን ግን ከራሱ ሞዴል የጥገና መጽሐፍ መውሰድ አለበት።

ደረጃ 1፦ ዝግጅት

የሥራ ቦታው አየር የሚዘዋወርበትና ከእሳት የራቀ ይሁን። ካርተሩን በቤንዚን ካጠቡ በኋላ ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ በሙቀት ማሽንም ሆነ በምድጃ አያሙቁት።

ያለ ሦስት ልዩ መሣሪያዎች ሥራውን አይጀምሩ፤ እነዚህም የቮላኖ (በክራንክሻፍቱ ጫፍ ላይ የሚዞረው ከባድ ክብ ብረት) ማውጫ ፑለር፣ የፍሪሲዮን (የክላች) ዳዶ መፍቻና የፍሪሲዮን መያዣ ናቸው። ሦስቱም በውድ የማይገኙ ከመሆናቸውም በላይ፣ ያለ እነርሱ ቮላኖውን በመዶሻ፣ የፍሪሲዮኑን ዳዶ ደግሞ በካቻቢቴና በመዶሻ ለመፍታት የሞከረ ሰው የሚያበላሸው ዕቃ ከመሣሪያዎቹ ይልቅ ውድ ነው። ከእነዚህ በተጨማሪ ቶርክ ሬንች፣ የክፍተት መለኪያ ቅጠሎች፣ ካሊፐር፣ የፕላስቲክ መዶሻና የማቆሚያ ቀለበት ፒንሳ ያስፈልጋሉ። ማይክሮሜትር ባይኖርዎት አይግዙ፤ ሲሊንደርና ፒስተን በቶርኖ ቤት ያስለኩ።

ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ግን ዋጋ የሌለው ዝግጅት ነው። ትንንሽ ከረጢቶች፣ እስክሪብቶና ስልክ ያዘጋጁ፤ እያንዳንዱን ክፍል ከመፍታትዎ በፊት ፎቶ ያንሡ፤ ብሎኖችን ከየት እንደወጡ ጽፈው ለየብቻ ያኑሩ። የካርተሩ ብሎኖች ርዝመት ስለሚለያይ የተቀላቀለባቸው ሰዎች በመጨረሻው ሰዓት ረዥሙን ብሎን በአጭሩ ቀዳዳ አጥብቀው አሉሚኒየሙን ይሰነጥቁታል።

ደረጃ 2፦ ሞተሩን ማውረድና መፍታት

1. የማርሽ ዘይቱን ሞተሩ ሞቅ እንዳለ ያፍስሱ። በዘይቱ ውስጥ የብረት ቁርጥራጭ ካለ ያስቀምጡት፤ የትኛው ማርሽ እንደተጎዳ ይነግርዎታል። ዘይቱ ቤንዚን ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ደግሞ በፍሪሲዮን በኩል ያለው ኦይል ሲል እንዳለፈበት ይመዝግቡ።

2. የጎማውን ከበሮ የያዘውን ትልቁን ዳዶ ሞተሩ ገና በቬስፓው ላይ ሳለ ይፍቱ። ሞተሩ ከወረደ በኋላ አክስሉን የሚይዝልዎት ነገር አይኖርም፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው ግማሽ ቀን የሚያባክነው። የፍሬን ፔዳሉን ሌላ ሰው ይርገጥልዎት።

3. የቤንዚን ቱቦውን፣ የጋዝ፣ የቾክ፣ የፍሪሲዮን፣ የሁለቱን ማርሽና የፍሬን ገመዶችን፣ እንዲሁም የኤሌክትሪክ ሽቦዎቹን ይፍቱ። የእያንዳንዱን ሽቦ ቀለምና ቦታ ይጻፉ።

4. ከቬስፓው ሥር ጠንካራ ድጋፍ አስገብተው የሾክ አብዞርበሩን ብሎን፣ በመጨረሻም ሞተሩን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘውን ረዥሙን ብሎን ያውጡ። ረዥሙ ብሎን በዝገት ከያዘ ዘይት አስጠጥተው አንድ ሌሊት ያቆዩት። በኃይል ከመቱት ጫፉ ያብጥና ከነጭራሹ አይወጣም፤ ስለዚህ ዳዶውን በጫፉ ላይ መልሰው አስረው በዳዶው ላይ ይምቱ።

5. ቴስታታውን (የሲሊንደሩን ክዳን)፣ ሲሊንደሩን፣ ካርቡራተሩን (አየርና ቤንዚን የሚቀላቅለውን)፣ ቮላኖውንና ፍሪሲዮኑን ያንሡ። በቮላኖው ሥር ያለውን የኤሌክትሪክ ሳህን ከመፍታትዎ በፊት በሳህኑና በካርተሩ ላይ አንድ ላይ የሚያልፍ መስመር በሹል ነገር ይጫሩ። የማቀጣጠያ ጊዜውን፣ ማለትም በሲሊንደሩ ውስጥ ብልጭታ የሚፈጠርበትን ቅጽበት፣ በኋላ ወደ ነበረበት የሚመልስልዎት ይህ መስመር ብቻ ሊሆን ይችላል።

6. ፒስተኑን ሲያወጡ የካርተሩን አፍ በንጹሕ ጨርቅ ይድፈኑ። የማቆሚያ ቀለበት (የፒስተኑን ካስማ ከጎን የሚይዘው ትንሽ ቀለበት) ተፈናጥሮ ካርተር ውስጥ ከገባ የሚገኘው ካርተሩ ሲከፈት ነው።

7. የማርሽ መቀየሪያውን ሣጥን ፈትተው የካርተሩን ዳዶዎች በመስቀለኛ ተራ ያላሉ። ሁለቱን ግማሾች ለማለያየት በመጋጠሚያቸው መካከል ካቻቢቴ አያስገቡ፤ የሚያሽገው ገጽ ይህ ራሱ ነው፤ አንዲት ጭረት ለዘለዓለም አየር ታሾልካለች። በቮላኖ በኩል ያለውን ግማሽ በሙቀት ማሽን ሞቅ አድርገው ዙሪያውን በፕላስቲክ መዶሻ እያቀያየሩ ይምቱ። እምቢ ካለ ያልተፈታ ብሎን አለ፤ መጀመሪያ እርሱን ይፈልጉ።

በአሮጌዎቹ ሞተሮች የማርሹ ዛፍ (ማርሾች በአንድነት የተደረደሩበት ክፍል) የሚዞርባቸው ትንንሽ መርፌ መሳይ ሮለሮች ልቅ ናቸው፤ ካርተሩ ሲከፈት ይበተናሉ። ከሥር ነጭ ጨርቅ ያንጥፉ፤ ቆጥረውም ቁጥሩን ይጻፉ።

ደረጃ 3፦ ማጠብና መለካት

ካርተሩን በውጭ በኩል በብሩሽና በናፍታ፣ በውስጥ በኩል በንጹሕ ቤንዚን ይጠቡ። አሸዋ በሚረጭ ማሽን አያስጠርጉት። ውጤቱ ለዓይን ያማረ ቢሆንም በዘይት ቀዳዳዎች ውስጥ የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት አዲስ ኩሽኔታ በአጭር ጊዜ ትጨርሳለች። የሚያብረቀርቅ ካርተር ፈጥኖ አያስኬድም።

አሁን ወረቀት ይውሰዱና እያንዳንዱን ነገር በሦስት ይክፈሉ፤ ያለ ጥያቄ የሚቀየር፣ ተለክቶ የሚወሰን እና የሚመለስ።

ያለ ጥያቄ የሚቀየሩት ሁሉም ኦይል ሲሎች፣ ሁሉም ጋስኬቶች፣ የፒስተን ማቆሚያ ቀለበቶች፣ የክራንክሻፍቱ ሁለት ኩሽኔታዎችና ማርሽ የሚመርጠው መስቀል ቅርጽ ያለው ብረት ናቸው። መስቀሉ ጥግ ጥጉ ከተሸረፈ ማርሹ በጭነት ጊዜ እየዘለለ ይወጣል፤ ዋጋው ትንሽ ነው፣ ለመቀየር ግን ካርተሩን መክፈት የግድ ስለሆነ ደህና ቢመስልም ይቀይሩት። በቮላኖ በኩል የሚገባው ኩሽኔታ 25 በ52 በ15 ሚ.ሜ የሆነው ባለ ሮለሩ ኤንዩ 205 ነው፤ በፍሪሲዮን በኩል ያለው ደግሞ 25 በ62 በ12 ሚ.ሜ የሆነው ለቬስፓ ተብሎ የሚሠራው ነው። ኤንዩ 205 ከታወቀ አምራች ይሁን፤ እዚህ ላይ መቆጠብ አያዋጣም።

*ክራንክሻፍት።* ቢየላውን (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኘውን ዘንግ) ወደ ላይና ወደ ታች ይሳቡ፤ ምንም ዓይነት መንቀጥቀጥ መኖር የለበትም። ወደ ጎን ጥቂት መንሸራተቱ ግን ጤነኛ ነው፤ ብዙ ጀማሪዎች ይህን አይተው ደህናውን ክራንክሻፍት ይጥላሉ። በቶርኖ ላይ ሲዞር ከ0.03 ሚ.ሜ በላይ የሚንገዋለል ከሆነ ያስቀኑት። የቮላኖ መቀመጫው ሾጣጣ ጫፍ የተቦረቦረ ከሆነ በጥቂት የቫልቭ መሞረጃ ክሬም ቮላኖውን በእጅ እየሞረዱ ያስማሙት፤ ቮላኖውን የሚይዘው የሾጣጣው መጋጠም ነው እንጂ የግማሽ ጨረቃ ቅርጽ ያላት ትንሿ ብረት አይደለችም።

*የመግቢያው ገጽ።* በእነዚህ ሞተሮች የቤንዚኑን መግቢያ የሚከፍተውና የሚዘጋው የክራንክሻፍቱ ጎማ (ከባዱ ክብ ብረት) ራሱ ነው፤ ጎማው በካርተሩ ላይ ካለች ጠባብና ጎባጣ ገጽ ጋር ሊነካካ ምንም ሳይቀረው ያልፋል። ይህች ገጽ ከተጫረች የሚነሣው ሞተር ይተፋል፣ በዝግታ አይረጋም፣ ካርቡራተሩም አይስተካከልም። ክራንክሻፍቱን በካርተሩ ውስጥ አስቀምጠው መግቢያው በጎማው እንዲዘጋ ያድርጉ፤ በመግቢያው ውስጥ ትንሽ የቱ ስትሮክ ዘይት ያፍስሱ። ዘይቱ ቆሞ ቀስ በቀስ ከሰረገ ገጹ ደህና ነው፤ እንደ ውኃ ወዲያው ከወረደ ተጎድቷል። የተጎዳን ገጽ በፋይል ለማስተካከል መሞከር ጉዳቱን ያሰፋዋል። በሙጫ ሞልቶ በቶርኖ የሚያስተካክል ብቁ ባለሙያ ካልተገኘ፣ ደህና ያገለገለ ካርተር መግዛት በመጨረሻ ርካሹ መንገድ ነው።

*ሲሊንደርና ፒስተን።* ፋሻውን (በፒስተኑ ዙሪያ የሚገባውን ቀለበት) ብቻውን ወደ ሲሊንደሩ አስገብተው በፒስተኑ ራስ ገፋ በማድረግ ቀጥ ያድርጉትና በሁለቱ ጫፎቹ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። አዲስ ፋሻ በዚህ ስፋት ከ0.25 እስከ 0.40 ሚ.ሜ ሊኖረው ይገባል። አዲሱ ፋሻ ከዚህ ከጠበበ ጫፉን በጥሩ ፋይል ሞርደው ያስፉት፤ አለበለዚያ ሲግል ይዘጋና ሲሊንደሩን ይቧጭራል። አሮጌው ፋሻ 1 ሚ.ሜ ከደረሰ አብቅቷል። ሲሊንደሩ ላይ በጥፍር የሚያዝ ጭረት ካለ ወይም ሞላላ ሆኖ ከተገኘ ፋሻ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው።

*የኤሌክትሪክ ሳህን።* ሽቦዎቹን ጎንበስ ቀና ያድርጓቸው። ልባሳቸው እንደ ደረቀ ቅጠል የሚፈረፈር ከሆነ ሙሉውን ሳህን አይግዙ፤ ጥቅልሎቹ ደህና ከሆኑ ሽቦዎቹን ብቻ ሙቀት በሚችል አዲስ ሽቦ ይቀይሩ።

ደረጃ 4፦ የማሳደጊያው ውሳኔ

ልኬቱ ካለቀ በኋላ የቀረዎትን ገንዘብ ይቁጠሩ። ምርጫው ከሦስት አንዱ ነው።

አንደኛው፣ ያለውን ሲሊንደር አስፍቶ ልኩን ፒስተን መግጠም ነው። የአምራቹ ፒስተኖች በ0.2 ሚ.ሜ እየጨመሩ ስለሚመጡ የ150ው 57.8 ወደ 58.0፣ 58.2 እና 58.4 ይሄዳል። ፒስተኑን አስቀድመው ገዝተው ለቶርኖ ባለሙያው ይስጡ፤ ሲሊንደሩ የሚሰፋው በእጅ ባለው ፒስተን ልክ እንጂ በሚገዛው ፒስተን ግምት አይደለም።

ሁለተኛው፣ ካርተሩን ሳይነኩ የሚገባ የ63 ሚ.ሜ ብረት ሲሊንደር ነው። ከ57 ሚ.ሜ ጉዞ ጋር 177 ሲሲ ይሆናል። ለ125 ባለቤት በአንድ ለውጥ የሚገኝ ትልቁ ልዩነት ይህ ነው፤ እኔም ገንዘብ ለሚቆጥብ ሰው የምመክረው ይህንኑ ነው። ቴስታታው ለዚያ ሲሊንደር የተባለው ይሁን።

ሦስተኛው፣ ጉዞው 60 ሚ.ሜ የሆነ ክራንክሻፍት ጨምሮ 187 ሲሲ ማድረግ ነው። ይህ ክራንክሻፍት፣ የሲሊንደር ከፍታ ማስተካከያና ተጨማሪ ልኬት ስለሚጠይቅ ከዚህ መመሪያ ዓላማ ውጭ ነው።

177ቱን ከመረጡ ከፍሪሲዮኑ ጋር ያለውን ትንሹን ጥርስም ያስቡ። 125ቱ 20 ጥርስ፣ 150ው 21 ጥርስ ሲሆን ሁለቱም ባለ 68 ጥርሱን ያዞራሉ። ባለ 22 ጥርስ ከዚያው ባለ 68 ጋር ሲገጠም አዲሱ ጉልበት ወደ ፍጥነት ይለወጣል፤ ያለ እርሱ ሞተሩ አቀበት ይወዳል፣ ሜዳ ላይ ግን ሳያስፈልግ ይጮኻል። ማርሚታው (የጭስ ማውጫው) ደህና ከሆነ ይቆይ። በካርቦን የተደፈነ ከሆነ ግን ማንኛውንም ሲሊንደር ያፍናል።

የሲሊንደሩን ቀዳዳዎች ማስፋትና እንደ መስተዋት ማንጸባረቅ ለጀማሪ አይመከርም፤ በተለይ የመግቢያውን ገጽ ፈጽሞ አይሞርዱ።

ደረጃ 5፦ ኩሽኔታ፣ ኦይል ሲልና ማርሽ

1. አዲሶቹን ኩሽኔታዎች በፕላስቲክ ጠቅልለው ለጥቂት ሰዓት በማቀዝቀዣ በረዶ ቤት ያስቀምጡ። ካርተሩን ከ80 እስከ 100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያሙቁ፤ የውኃ ጠብታ ሲነካው መቸስ ከጀመረ ይበቃል። ኩሽኔታው በራሱ ክብደት መውደቅ ወይም በጥቂት ግፊት መግባት አለበት። መካከል ላይ ከቆመ ወይም ከተጣመመ አይምቱት፤ አውጥተው ከማሞቅ ይጀምሩ። የግድ መግፋት ካስፈለገ የሚገፋው የውጭው ቀለበት ብቻ ይሁን።

2. አሮጌውን ኦይል ሲል ከማውጣትዎ በፊት ፊቱ ወደ የት እንደነበረ ፎቶ ያንሡ። አዲሱን ዙሪያውን እኩል እየገፉ ያስገቡ፤ ከንፈሩን በዘይት ይቀቡ። ክራንክሻፍቱ ሲዞር ከኦይል ሲሉ ገጽ ጋር እንዳይፋተግ ጥልቀቱን ያረጋግጡ። በቮላኖ በኩል ላለው ኩሽኔታ ቅባት የምታደርሰዋን ትንሽ ቀዳዳ በቅባትም ሆነ በሲሊኮን አይድፈኑ።

3. ማርሾቹን በአክስሉ ላይ ከነመስቀሉ ይግጠሙና በማርሾቹና በማሰሪያ ቀለበቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይለኩ። ከ0.15 እስከ 0.40 ሚ.ሜ መሆን አለበት። ከሰፋ ወፍራም፣ ከጠበበ ቀጭን ቀለበት ይግዙ። መስቀሉን ቀይረው ይህን ያልለኩ ሰዎች ናቸው ማርሽ አሁንም ይዘላል ብለው የሚያማርሩት።

4. ልቅ ሮለሮቹን በወፍራም ግሪስ በቦታቸው አጣብቀው ይቁጠሩ። ቁጥሩ ቀድሞ ከጻፉት ጋር ካልተስማማ ካርተሩን አይዝጉ።

ደረጃ 6፦ ካርተሩን መዝጋት

ክራንክሻፍቱን በመጀመሪያ በፍሪሲዮን በኩል ወዳለው ግማሽ በመሳቢያ ያስገቡ፤ በመዶሻ ከመቱት ሁለቱ ጎማዎቹ ይቀራረቡና ይንገዋለላል። ጋስኬቱን በስሱ ግሪስ ቀብተው ያስቀምጡ፤ ሁለተኛውን ግማሽ ሞቅ አድርገው ይግጠሙ። ዳዶዎቹን ከመካከል ወደ ዳር፣ በመስቀለኛ ተራ፣ በሁለት ዙር እስከ 13–15 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ። ከእያንዳንዱ ዙር በኋላ ክራንክሻፍቱን በእጅ ያዙሩት። በነጻነት ይዞር የነበረው ሲጠብቅ ከያዘ ማጥበቁን ያቁሙ፤ አብዛኛውን ጊዜ ክራንክሻፍቱ ወደ አንድ ጎን ስለተገፋ ነው፤ ጫፉን በፕላስቲክ መዶሻ አንዴ ብቻ በስሱ መታ ማድረግ ይለቀዋል። ካልለቀቀ ይክፈቱት።

በሲሊንደሩ መቀመጫ ላይ ተርፎ የወጣውን ጋስኬት በሹል ምላጭ ከገጹ ጋር እኩል አድርገው ይቁረጡ። ይህች ክር የምታህል ትርፍ ወረቀት ሲሊንደሩን በአንድ ጎን ከፍ አድርጋ ከሥር አየር እንዲገባ ታደርጋለች።

ደረጃ 7፦ ፒስተን፣ ሲሊንደርና ቴስታታ

በፒስተኑ ራስ ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው ይመልከት። ፋሻዎቹ መዞራቸውን በሚከለክሉት ትንንሽ ካስማዎች ላይ በትክክል መግባታቸውን ያረጋግጡ። የማቆሚያ ቀለበቶቹ አዲስ ይሁኑ፤ ከገቡ በኋላም በጣት ገፋ አድርገው በጎድጓዳቸው ውስጥ ሙሉ በሙሉ መቀመጣቸውን ይመልከቱ። እኔ በመጀመሪያው ሥራዬ አሮጌዋን ቀለበት «ምንም አልሆነችም» ብዬ መልሼ ገጠምኩ፤ አንድ ቀን ሳይሞላ ከቦታዋ ወጥታ ከላይ እስከ ታች በሲሊንደሩ ላይ ጣት የሚያስገባ ቦይ ቆፈረች። ሲሊንደሩ የተሰፋው በዚያው ሳምንት ነበር።

ቀጥሎ በፒስተኑና በቴስታታው ጠርዝ መካከል ያለው ክፍተት ይለካል። 2 ሚ.ሜ ውፍረት ያለው ለስላሳ የኤሌክትሪክ መበየጃ ቆርቆሮ ሽቦ በስፒኖቱ (ፒስተኑን ከቢየላው ጋር በሚያያይዘው ካስማ) አቅጣጫ፣ በግራና በቀኝ፣ በፒስተኑ ራስ ላይ በጥቂት ግሪስ ያጣብቁ፤ ቴስታታውን አጥብቀው ክራንክሻፍቱን አንድ ዙር ያዙሩና የተጨፈለቀውን ሽቦ በካሊፐር ይለኩ። ከ1.2 እስከ 1.5 ሚ.ሜ ተስማሚ ነው። ከ1 ሚ.ሜ ካነሰ ከሲሊንደሩ ሥር ወፍራም ጋስኬት ይጨምሩ፤ ሽቦው ሳይጨፈለቅ ከቀረ ቀጭን ጋስኬት ይሞክሩ። በግራና በቀኝ ያለው ልኬት ከተለያየ ሲሊንደሩ ተጣሞ ተቀምጧል ማለት ነው።

የቴስታታው ገጽ ከተጣመመ በጠፍጣፋ መስተዋት ላይ ባለ 400 የብርጭቆ ወረቀት ዘርግተው በስምንት ቁጥር ቅርጽ ይፈትጉት፤ ገጹ ሁሉ አንድ ዓይነት ግራጫ ሲሆን ያቁሙ። ዳዶዎቹን በመስቀለኛ ተራ በሁለት ዙር እስከ 15 ኒውተን ሜትር አካባቢ ያጥብቁ።

ደረጃ 8፦ ፍሪሲዮን

አዲሶቹን የፍሪሲዮን ሸራዎች በማርሽ ዘይት ውስጥ አንድ ሌሊት ይዘፍዝፉ። ደረቅ ሸራ ከተገጠመ ይጣበቃል፤ ቬስፓው ማርሽ ሲገባ ይዘላል። የብረት ሳህኖቹ ሰማያዊ ከሆኑ በሙቀት ተጣመዋልና ይቀየሩ። ለ177ቱ ጠንከር ያሉ ምንጮች ይግጠሙ። ዳዶውን ከ40 እስከ 45 ኒውተን ሜትር አጥብቀው የማቆሚያውን ሮንዴላ ምላስ ማጠፍዎን አይርሱ። ሽፋኑን ዘግተው 250 ሚሊ ሊትር ኤስኤኢ 30 ዘይት ይሙሉ።

ደረጃ 9፦ የፍሳሽ ምርመራ

ይህን ደረጃ የሚዘልል ሰው የቀሩትን ሁሉ በከንቱ ደክሟል። ወጪው ከአንድ የደም ግፊት መለኪያ አይበልጥም፤ ባለ ሰዓቱን አሮጌ መለኪያ ይጠቀሙ።

1. ከአሮጌ ካንዴላ ውስጥ ነጩን ሸክላ ሰብረው አውጥተው በባዶው ብረት ውስጥ ቀጭን ቱቦ በሙጫ ያጣብቁ። ቱቦውን ከመለኪያው ፓምፕና ሰዓት ጋር ያገናኙ።

2. ቮላኖው ገና አልተገጠመም። የካርቡራተሩን መግቢያ በጎማ ቁራጭና በጠፍጣፋ ብረት፣ የማርሚታውን መውጫ በጎማ ቆብና በማሰሪያ ይድፈኑ።

3. ፒስተኑን ወደ ታች ያውርዱ፤ አየሩ ወደ ካርተሩ የሚገባው በዚህ ሁኔታ ብቻ ነው።

4. መርፌው 250 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ እስኪያሳይ ይንፉ፤ ይህ ከባር ሲሶ ያህል ነው። ከ300 አያሳልፉ፤ ኦይል ሲሉን ከቦታው ሊገፋው ይችላል።

5. አምስት ደቂቃ ይጠብቁ። መርፌው ባለበት ከቆመ ሞተሩ ታሽጓል።

መርፌው ከወረደ የሳሙና ውኃ በብሩሽ በሲሊንደሩ ሥር፣ በቴስታታው ዙሪያ፣ በካርተሩ መጋጠሚያና በቮላኖ በኩል ባለው ኦይል ሲል ላይ ይቀቡ፤ አረፋ የሚነፋበት ቦታ ጥፋተኛው ነው። የትም አረፋ ሳይታይ መርፌው ከወረደ ጥርጣሬው በፍሪሲዮን በኩል ወዳለው ኦይል ሲል ይዞራል፤ እርሱ በማርሽ ቤቱ ውስጥ ስለተደበቀ አይታይም። የማርሽ ቤቱን የትንፋሽ ቀዳዳ በቴፕ ሸፍነው የዘይት መሙያውን ብሎን ያውጡና በምትኩ የላስቲክ ጓንት ጣት ይወጥሩበት። ጣቷ ቀስ እያለች ቀና ካለች ካርተሩ እንደገና ይከፈታል። ያሳዝናል፤ ነገር ግን በጠረጴዛ ላይ መክፈት በመንገድ ላይ ከመቆም ይሻላል።

ደረጃ 10፦ ቮላኖና የማቀጣጠያ ጊዜ

የሾጣጣውን ጫፍና የቮላኖውን ቀዳዳ ከቅባት አጽድተው ደረቅ አድርገው ይግጠሙ፤ ዳዶውን ከ60 እስከ 65 ኒውተን ሜትር ያጥብቁ።

ኤሌክትሮኒክ ማቀጣጠያ ላለው 125፣ 150ም ሆነ 177 መነሻው ፒስተኑ ጫፍ ከመድረሱ 18 ዲግሪ በፊት ነው። በ57 ሚ.ሜ ጉዞና በ105 ሚ.ሜ ቢየላ ይህ ፒስተኑ ከጫፍ 1.76 ሚ.ሜ ዝቅ ያለበት ቦታ ነው። ያንን ቦታ በቮላኖውና በካርተሩ ላይ በነጭ ቀለም ምልክት አድርገው፣ ሞተሩ ሲነሣ በስትሮብ መብራት ያመሳክሩ። ሳህኑን ቮላኖው ወደሚዞርበት አቅጣጫ ማዞር ማቀጣጠሉን ያዘገያል፤ በተቃራኒው ማዞር ያፈጥነዋል። ከተጠራጠሩ ወደ መዘግየቱ ያዘንብሉ፤ የዘገየ ሞተር ይሰንፋል፣ የፈጠነ ግን ፒስተን ይበሳል።

ፑንቲና (ብልጭታ ለመስጠት የሚከፈትና የሚዘጋ የኤሌክትሪክ መገናኛ) ያለው አሮጌ ሞተር ከሆነ ክፍተቱ ከ0.3 እስከ 0.5 ሚ.ሜ ይሁን። የካንዴላው ክፍተት 0.6 ሚ.ሜ ነው።

ደረጃ 11፦ ካርቡራተር

ካርቡራተሩን ሙሉ በሙሉ ፈትተው ያጽዱ። ቀዳዳዎቹን በሽቦ አይጎርጉሩ። የሥሩን ገጽ በመስተዋት ላይ አስቀምጠው ቀጥ ማለቱን ይመልከቱ፤ ሁለቱ ማሰሪያ ብሎኖቹ ከልክ በላይ ስለሚጠብቁ ብዙዎቹ አሮጌ ካርቡራተሮች የተጣመሙ ናቸው።

ሲሊንደሩ ካደገ ዋናው ጂግለር፣ ማለትም ቤንዚኑ የሚለካባት ባለ ቀዳዳ ናስ፣ ከነባሩ በበርካታ ቁጥር በምትበልጥ ይጀመራል። ትልቋ ሞተሩን ታስተፋዋለች እንጂ አታቃጥለውም። ከዚያ አንድ አንድ ቁጥር እየቀነሱ፣ ጋዙ ሙሉ ሲከፈት ሳያንቀጠቅጥ እስኪጎትት ድረስ ይውረዱ። ለማረጋገጥ ጋዙን ሙሉ ከፍተው ጥቂት ከሄዱ በኋላ በአንድ ጊዜ ፍሪሲዮን ጨብጠው ሞተሩን ያጥፉና ካንዴላውን ያውጡ። ቡናማ ጥሩ ነው፤ ጥቁርና እርጥብ ከሆነ ቤንዚኑ በዝቷል፤ ነጭ ከሆነ ሳይነዱት ጂግለሯን ያሳድጉ።

ደረጃ 12፦ ማስነሣትና ማለማመድ

ቤንዚኑን በ2 በመቶ የቱ ስትሮክ ዘይት ይቀላቅሉ፤ ለአንድ ሊትር 20 ሚሊ ሊትር ነው። ሞተሩ የዘይት ፓምፕ ካለው ፓምፑ መሥራቱ እስኪረጋገጥ ድረስ የመጀመሪያውን ታንክ እንዲሁ ይቀላቅሉ።

ሞተሩ ከተነሣ ሞቅ እስኪል ብቻ አሠርተው ያጥፉት፤ ሙሉ በሙሉ ከቀዘቀዘ በኋላ የቴስታታውን ዳዶዎች እንደገና ያመሳክሩ። በመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትር ጋዙን ሙሉ ከፍተው አይቆዩ፤ በአንድ ፍጥነትም ለረዥም ጊዜ አይንዱ። ግራ እጅዎ ሁልጊዜ በፍሪሲዮኑ ላይ ይሁን። ድምፁ በድንገት ከተለወጠ ወይም ጉልበቱ ከቀነሰ ወዲያው ጨብጠው ጋዙን ይዝጉ፤ ፒስተን ሲይዝ የኋላው ጎማ ይቆለፋልና።

በዚህ ጊዜ የሚታዩ ችግሮችና ትርጉማቸው የሚከተሉት ናቸው።

*ጋዙ ተዘግቶ ሞተሩ በራሱ ሲጮኽ፦* አየር ይገባል። የገመዱን መያዝ ካጣሩ በኋላ ወደ ደረጃ 9 ይመለሱ። በካርቡራተር ማስተካከያ ለመሸፈን አይሞክሩ።

*ብዙ ነጭ ጭስ ሳያቋርጥ ሲወጣና የማርሽ ዘይቱ ሲጎድል፦* በፍሪሲዮን በኩል ያለው ኦይል ሲል ዘይቱን እያስጠጣው ነው።

*ብልጭታ በሞቀ ጊዜ ብቻ ሲጠፋ፦* በመጀመሪያ የሳህኑን ሽቦዎች፣ ቀጥሎ የማቀጣጠያውን ሣጥን ይመርምሩ።

*የማስነሻው ፔዳል እግርን መልሶ ሲመታ፦* ማቀጣጠሉ ፈጥኗል፤ ወይም የቮላኖዋ ትንሿ የግማሽ ጨረቃ ብረት ተቆርጣ ቮላኖው ዞሯል። ሁለተኛው ከሆነ አዲስ ብረት ከማስገባትዎ በፊት ሾጣጣውን እንደገና ያስማሙ።

500ው ኪሎ ሜትር ሲሞላ የማርሽ ዘይቱን ይለውጡ፤ የጎማው ከበሮ ዳዶ ከ90 እስከ 110 ኒውተን ሜትር መጥበቁንና መቆለፊያው በቦታው መኖሩን ይመልከቱ። 177 የገጠመ ሰው ከዚህ በኋላ ጋዙን ሙሉ ከመክፈቱ በፊት የፊትና የኋላ ፍሬን ሸራዎችን ፈትቶ ማየት አለበት፤ እነርሱ የተሠሩት ለቀድሞው ሞተር ነው።